አንበሳ ነኝ አልልም

መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ብርድ ልብስ የሚሠራ አንድ ማኅበር የበግ ጠጉር መራጭ ይፈልጋል ሲሉኝ ልፈተን ሄድኩላችሁ። ስለ ጠጉር ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣ በርኖስ የደረበው ሰብሳቢ «ማንነትሽን እንድናውቅ፣ እንስሳ ብትሆኚ ምን ትሆኚ ነበር?» አይለኝም! ከፊቴ የተፈተኑት ሁሉ «አንበሳ» ብለው መውጣታቸውን ደጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። እኔ ግን «በግ» አልኩት። ሳቀብኝ። «ታዲያ ማንም ሲነዳሽ ልትኖሪ?»

ደሜ ፈላ። «ጌታዬ፣ በዚህ ብርድ የደረቡት በርኖስ ከአንበሳ ጠጉር ነው እንዴ የተፈተለው?» አልኩት። ተጠግቼ የበርኖሱን ጫፍ በጣቶቼ አሸት አደረግኩና «የሆድና የጀርባ ጠጉር ሳይለይ ተደባልቆበታል። ጠጉሩን የመረጠልዎ ሰው መቼም አንበሳ ነኝ ብሎ የተቀጠረ መሆን አለበት!» አልኩት።