በባላባቱ ፎቅ የተጠራው ስም
የልጄን የክርስትና ስም ከእኔ፣ ከክርስትና አባቱና ከቄሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ታዲያ ያን ቀን ማን ጠራው? ብልባላ አጠገብ ባላባቱ ጥለውት የሄዱት የድንጋይ ፎቅ አለ፤ ሰይጣን አለበት ይባላል። መሠረተ ትምህርት የምንማረው ምድር ቤቱ ውስጥ ነው። በቀትር ልጄን አዝዬ ከሰው ቀድሜ ብገባ፣ ከላይ የሴት ድምፅ በዚያው ስም ጠራው፤ ስሙን እዚህ አልጽፈውም። እኔ ደንግጬ «አቤት!» አልኩ። ልጄ ከጀርባዬ ሳቀ።

እየሮጥኩ ወጥቼ የቤቱን ዘበኛ አያ ደሴን «ፎቁ ላይ ማን አለ?» አልኳቸው።

«ደረጃው ከፈረሰ ስንት ዘመኑ! ማን ሊወጣ?»

«ልጄን ጠሩት፤ አቤት አልኩ።»

«አይ አንቺ! በቀትር ላልታየ ሰው አቤት ይባላል? ያውም በልጅ ስም! ልጁን እሺ ብሎ እንደ መስጠት እኮ ነው!»

ልጄ ደህና ነው፤ ግን ቀትር ሲሆን ወደዚያ ቤት እያየ ይስቃል። ከትምህርቱ ብቀር ደግሞ ቀበሌው አይለቀኝም። እባካችሁ፣ ልጄን አዝዬው ልግባ ወይስ ቤት ትቼው ልሂድ?