ሙቱንጎ ላይ ጉልበት የሳምኩ ዕለት

ካምፓላ፣ ሙቱንጎ ሰፈር ሒሳብ አስተምራለሁ። በኮሮና ተዘግቶ የከረመው ትምህርት ቤታችን ተከፍቶ የመጀመሪያውን የወላጆች በዓል ስናከብር፣ ተማሪዬ ግሬስ ተሸለመች። ወዲያው አያቷ የክት ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ እኔ መጡና ሊያመሰግኑኝ ሣሩ ላይ ተንበረከኩ። እዚህ አገር ሴት ሰላም የምትለው ተንበርክካ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የተማሪዎቼንማ ለምጄዋለሁ። እናቴን የሚያህሉ ሴትዮ ግን እኔ እግር ስር? "ኧረ በእግዚአብሔር ይነሱ" አልኩ በአማርኛ፣ የሚሰማኝ ያለ ይመስል። አልተነሱም። እኔም ሳላስበው ከነሱፌ ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ዳሱ ውስጥ ያለው ወላጅ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ወንድ፣ ያውም አስተማሪ፣ እዚህ ለሴት አይንበረከክም። ተማሪዎቼ አፋቸውን ያዙ፤ ዳይሬክተሩ ከመቀመጫው ብድግ አለ። አበቃልኝ፣ ከእንግዲህ ክፍል ውስጥ ማን ይፈራኛል ብዬ ላብ አጠመቀኝ። አሮጊቷ ግን ሁለት እጄን ይዘው በሉጋንዳ አንድ ነገር ተናገሩ። ግሬስ ተረጎመችልኝ፦ "'ይህን ልጅ ያሳደገችው እናት ማን ናት?' እያሉ ነው።" ያን ጊዜ ዳሱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ በማስተማሬ ተመስግኜ አውቃለሁ፤ እናቴ በሰው አገር ስትመሰገን ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ደረቴ ተነፍቶ፣ ጉልበቴ ላይ ያለውን ሣር እንኳ ሳላራግፍ ደብረ ብርሃን ደወልኩላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና፣ "ታዲያ ምን ልታደርግ ኖሯል?" አለችኝ።