የእማማ ጥሩነሽ ጥያቄ

ደብረ ታቦር ታሪክ አስተምራለሁ። አንድ ቀን የአሜሪካ ገበሬዎች ቤተሰባቸውንና ዕቃቸውን በበሬ በሚጎተት ጋሪ ጭነው፣ አዲስ መሬት ፍለጋ ለወራት ወደ ምዕራብ እንደተጓዙ ስናገር፣ ሰናይት የምትባል ተማሪዬ እጇን አወጣች። «መምህር፣ አያቴም እንዲሁ ሰፈራ ሄደው ነበር፤ ያውም በእግራቸው» አለችኝ። «እንግዲያው ነገ ይዘሻቸው ነይ» አልኋት።

በማግስቱ የሰናይት አያት እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ድርቁ ሲበረታ ከባላቸው ጋር ሁለት በሬ እየነዱ፣ ልጅ አዝለው ቆላ እንደወረዱ፣ እዚያም ጫካ መንጥረው ማሽላ እንደዘሩ ነገሩን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ «ልጄ፣ እነዚያ የአሜሪካ ሰዎች የሰፈሩበት መሬት ባለቤት አልነበረውም?» አሉኝ።

«ነበረው እማማ። ግን ነጠቁት» አልኋቸው።

አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «እኛስ የአገሩን ሽማግሌ ሳናስፈቅድ አንድ ዛፍ አልቆረጥንም። የሚዘራበትን ያሳዩን እሳቸው ናቸው፤ የመጀመሪያውን እሸትም የወሰድነው ለእሳቸው ነው።»

ያን ትምህርት ስንት ዓመት ሳስተምር ይህን ጥያቄ አንድም ቀን አንስቼው አላውቅም ነበር። ሰናይት አያቷን ልትሸኝ ስትነሣ፣ ማንም ሳያዝዘው ክፍሉ በሙሉ አብሯት ተነሣ።