ከዘንዶው በኋላ የመጣ አንቱታ

ከመገናኛ ወደ ወሰን በሚሄደው ሚኒባስ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት እናትና ልጅ ከሲኒማ ቤት መውጣታቸው ነው።

«ፊልሙን ወደድሽው፣ እማዬ?»

«ዘንዶው ጥሩ ነው። ሲተነፍስ ወንበሬ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።»

«ኢፌክቱ ከባድ ነው። ብዙ ብር ፈሶበታል።»

«ለታሪኩ ግን አልተረፋቸውም። ያ ንጉሥ በሞተ ቁጥር ይነሳል። እንዲህ ለሚነሳ ሰው ማን ያለቅሳል?»

«እሱስ ልክ ነሽ።»

«አንተ ግን ፈረሰኛው ዘንዶውን ሲወጋ ተነስቼ እልል በማለቴ አፍረሃል።»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ነጭ ፈረስ፣ ጦር፣ ከሥር ዘንዶ። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ስሳለመው የኖርኩት ጊዮርጊስ መሰለኝ። ሳላውቀው ነው እልል ያልኩት።»

«አላፈርኩም እኮ።»

«ከጎንህ ያለችው ልጅ ‹እናትህ ናቸው?› ስትልህ ምን አልካት?»

ልጁ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«‹አላውቃቸውም› አልካት። አፍህን ከፈታህ ጀምሮ አንቺ ስትለኝ ኖረህ፣ ዛሬ አንቱ ሆንኩልህ።»

«እማዬ፣ እናቴን...»

«የትኛዋን እናትህን?»

ወሰን ስንደርስ ልጁ «ወራጅ አለ» አለ፤ ድምፁ ስላልወጣ ረዳቱ አልሰማውም። በሌላ ጎኑ የተቀመጠ ሰው ደገመለት። ሚኒባሱ ሲቆም ልጁ ተነስቶ እጁን ዘረጋላት።

እሷ ነጠላዋን አስተካከለችና በትሕትና ጎንበስ አለች።

«የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለችው።

እኔ እነሱን ለማሳለፍ ጉልበቴን ስሰበስብ፣ እስኪወርዱ ድረስ ዓይኔን ከጫማዬ ላይ አላነሳሁም።