በቡናው ውስጥ የገቡት ተሳፋሪዎች

በእኛ ጊዜ ስላችሁ ሩቅ አይምሰላችሁ፤ ያ የትኩሳት ወረርሽኝ የገባ ጊዜ ነው። ታዲያ ከቴፒ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሚዛን ከተማ መግቢያ ላይ ይመርመር ተባለና ኬላው ጋ ድንኳን ተተከለ፣ እና እኔን ቀበሌው "ወረፋ አስከብር" ብሎ አስቀመጠኝ። የትኩሳት መለኪያው አንድ፣ ሲስተሯ አንድ፣ ዝናቡ ደግሞ አያባራ። ለአንድ ሰው አራት ደቂቃ ይፈጅባታል፤ በሰዓቴ ይዤዋለሁ። አርባ አምስት ሰው የጫነ አውቶቡስ ሦስት ሰዓት ማለት ነው፤ ስሙኝ፣ ሦስት ሰዓት፣ ያውም ዝናብ ላይ ቆሞ።

አንድ ቀን ታዲያ አውቶቡሱ ሲደርስ ቆጠርኩ፤ ሃያ ስምንት። ረዳቱን "ከቴፒ ስንት ሆናችሁ ተነሳችሁ?" አልኩት።

"ሙሉ ነበርን ጋሼ።"

"አሥራ ሰባቱስ?"

"ከኬላው በፊት ወራጅ አሉ፣ አወረድኩ። አስሬ ላምጣቸው?" ብሎ ሳቀብኝ።

ለካ ኬላውን ሸሽተው በቡናው እርሻ ውስጥ አቋርጠው ከተማ ገብተዋል። ሄጄ ለምርመራው ኃላፊ ነገርኩት። እሱ ወረቀቱን በእስክሪብቶ መታ መታ እያደረገ "አባባ፣ ሃያ ስምንት ደረሰ፣ ሃያ ስምንት ተመረመረ። መቶ በመቶ ነው" አለኝ።

"ልጄ፣ መኪናው ቴፒ መናኸሪያ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ይቆማል። ሰው ያኔ ሥራ ፈቶ ነው የሚቀመጠው፣ ለምን እዚያው አይለካም? ተለክቶ ወረቀት የያዘ ይሳፈር።"

"እሱ የሌላ ዞን ነው" አለና ስልኩን አነሳ።

እና የዚያኑ ዕለት ማታ ቤቴ ስገባ ታናሽ ወንድሜ ታደሰ ከቴፒ መጥቶ፣ ጋቢዬን ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል፣ ባለቤቴ አስቴር አጥሚት ታጠጣዋለች።

"በየት መጣህ?" አልኩት።

"በቡናው ውስጥ፣ ጋሼ። ሰልፉ አይገፋም አሉ። አሞኝም ስለነበር ያስቀሩኛል ብዬ ፈራሁ።"

"ከእሱ ራቅ በይ" ብላት አስቴር ተቆጣችኝ። "አንተ ደግሞ፣ እቤትም ኬላ አቆምክ?"

በዘጠነኛው ቀን አስቴርን ቀበርናት። እሱ ዳነ።

ታዲያ ኃላፊው ለቅሶ መጣ፣ ተቀመጠና "አባባ፣ ያ ያሉኝ ነገር እንዴት ነበር?" አለኝ። ደግሜ ነገርኩት። በሳምንቱ ምርመራው ቴፒ መናኸሪያ ሆነ፣ እና አውቶቡሱ ሙሉ ተነስቶ ሙሉ ይገባ ጀመር። አርባ አምስት፣ አርባ አምስት። ቆጥሬዋለሁ። ምን ያደርግልኛል? ያን ቀን አሥራ ሰባት ብዬ ቆጠርኩ እንጂ እነማን ናቸው ብዬ አልጠየቅኩም።

"ወንድምዎስ ጋሼ?" አለች ከአድማጮቹ አንዷ።

"አለ። እስከ ዛሬ ሲመጣ ያቺን በኋላ ቴፒ መናኸሪያ ለክተው የሰጡትን ወረቀት በር ላይ አውጥቶ ያሳየኛል። ወረርሽኙ አበቃ እኮ፣ ግባ እለዋለሁ። ካላየሁለት አይገባም።"