ስለ አዲሷ መኪና ፓስፖርትና እኔ ስላነሳሁት ፎቶ

የምስክር ቃል

የቃል ሰጪው ስም፦ ፍቅረማርያም አሥራት
ዕድሜ፦ 63
አድራሻ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ሥራ፦ የሆቴል ሸትል (የእንግዶች ማመላለሻ መኪና) ሾፌር
የትምህርት ደረጃ፦ እስከ ስድስተኛ ክፍል፣ ከዚያ በኋላ በራሱ ንባብ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ ኦክቶበር 21 ቀን 2025፣ ከጠዋቱ 10:15
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ዴኒስ ሆልት
በአማርኛ የጻፈችው፦ ተርጓሚ ሄለን ነጋ
ማሳሰቢያ፦ በዚህ ቃል ውስጥ ያለው ሰዓት በሙሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ነው።

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ቃል ሰጪ፣ በአማርኛ ለመናገር ጠይቄ ስለተፈቀደልኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ተርጓሚዋ የምለውን ሳታሳምር እንድትጽፍልኝ ለምኛታለሁ። ሳወራ መቀለድ ልማዴ ነው። በዚህ ቃል ውስጥ ቀልድ ከተገኘ ግን ጥፋቴ ያለው እዚያው ቀልዱ ውስጥ ስለሆነ ነው እንጂ ልቤ ስላረፈ አይደለም።

ብሩክታይት ንጉሴ የታላቅ እህቴ የወለተሥላሴ ልጅ ናት። ዕድሜዋ 34 ነው። በየቤቱ እየሄደች አረጋውያንን ትንከባከባለች። ወደዚህ አገር ከመጣች ጀምሮ እንደ አባት የምታየው እኔን ነው። የቀድሞ ባሏ ወንድሜነህ ተክሌ የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሲጣሉ ሽማግሌ ሆነን ከገባነው አራት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ትዳር እንዲህ በቀላሉ አይፈርስም ብዬ መክሬ ወደ ቤቷ መለስኳት። በተመለሰች በሃያ ሦስተኛው ቀን ግራ እጇን ሰበረው። ከዚያ ተፋቱ። ወደ እሷ እንዳይቀርብ ፍርድ ቤት የሰጠው ትዕዛዝ አሁንም አልተነሳም። ከእሱ ለመሰወር ሁለት ጊዜ ቤት ቀይራለች። የመጨረሻውን ቤቷን ከዘመድ ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። መርማሪው ስለፈቀዱ አድራሻውን እዚህ አላስጽፍም።

መኪና ለመግዛት የወሰነችው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆማ መታየት ስለምትፈራ ነው። ቅዳሜ ኦክቶበር 18 ቀን ከጠዋቱ 10 ሰዓት ላይ በአሮጌ ኮሮላዬ ይዣት አሌክሳንድሪያ ወደሚገኝ አዲስ መኪና ሻጭ ሄድን። ወንድሜነህ የሚኖርበት ከተማ በመሆኑ መሄዱን አልወደደችውም ነበር። እኔ ግን የማውቀው ልጅ እዚያ ስለሚሠራ፣ ደግሞም በጠራራ ፀሐይ ምን ይመጣል ብዬ አግባባኋት።

የማውቀው ሻጭ ዮኒ ይባላል። የእኛው አገር ልጅ ነው። ዋጋውን ተነጋግረን ከጨረስን በኋላ ይቺ መኪና የኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት አላት አለን። እኛ ሊብሬ የምንለውን ወረቀት የሚተካ ነው። የት እንደተሠራች፣ ባለቤቷ ማን እንደሆነ፣ መቼ ዘይት እንደቀየረች ሁሉ እዚያ ላይ ይመዘገባል። ባለቤቱ በዚያው በስልኩ በሯን ይከፍታል፣ ጥሩምባዋን ያስጮሃል፣ የት እንደቆመች ያያል። ዮኒ ኮድ የታተመበት አንድ ወረቀት ሰጣትና ኮዱን መጀመሪያ በስልኩ ያነበበ ሰው ባለቤት ሆኖ እንደሚመዘገብ አስረዳት። እኔም እዚያ ተቀምጬ፣ እኔ ፓስፖርት ለማግኘት ሱዳን ውስጥ አራት ዓመት ስጠብቅ ይቺ ገና ጎማዋ አቧራ ሳይነካው አገኘች ብዬ ቀለድኩ። ዮኒ ሳቀ። ብሩክታይት አልሳቀችም። ያለሁበትን ሌላ ሰው ማየት ይችላል ወይ ብላ ጠየቀችው። ዮኒም “ከአንቺ በቀር ማንም አይችልም። ብቻ ወረቀቷን ለማንም እንዳታሳዪ” አላት። ይህን እኔም በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ስልኳ ስለሞላ የፓስፖርቱ አፕ አልወርድ አላት። ዮኒ እዚያው ቆይተን ፎቶ አጥፍታ ቦታ እንድታገኝና ኮዱን እንድታነብ መከራት። እኔ ግን ምሳ ሰዓት ደርሶ ርቦኝ ስለነበር ቤትሽ ገብተሽ ትከፍቺዋለሽ ብዬ አጣደፍኳት።

ከቀኑ 1:20 ላይ ግቢው ውስጥ በአንድ እጇ ቁልፉን፣ በሌላው ወረቀቱን ይዛ ከመኪናዋ ፊት አቁሜ ፎቶ አነሳኋት። ከተፋታች ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ሳቀች። ፎቶውን ለማንም እንዳልልክ ነገረችኝ። ለእናትሽ ብቻ አልኳት። ወንበርና መስታወት ስታስተካክል ለእናቷ ላክሁና በዚያው እጄ ለዕድራችን የቴሌግራም ግሩፕም ላክሁት። ከሥሩ “መኪናችን ፓስፖርት አግኝታለች፣ ቪዛው የእናንተ ምርቃት ነው” ብዬ ጻፍኩበት። በእኛ ዘንድ አዲስ መኪና ሳይመረቅ አይነዳም። ተደብቆ የተገዛ እንደሆነ ደግሞ ሰው ይታዘባል። ግሩፑ ውስጥ 214 ሰው አለ። ወንድሜነህም አለበት። ሲፋቱ ይውጣልን ተብሎ ተጠይቆ ነበር። ዕድሩ ግን መዋጮውን የሚከፍል ሰው በትዳሩ ጉዳይ አይባረርም ብሎ ወሰነ። ለዚያ ውሳኔ እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ። ቅዳሜ ዕለት ግን ይህን ሁሉ አላሰብኩትም። ፎቶው ይሳቅበታል፣ ይመረቅበታል ብዬ ብቻ ነው የላክሁት። የዕድሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ የሺሀረግ ክፉ አይይሽ ብለው ሲመርቁ አይቼ ደስ አለኝ።

ከምሽቱ 6 ሰዓት ገደማ ብሩክታይት ደወለችልኝ። ስልኳ ላይ ቦታ አግኝታ ኮዱን ስታነብ ይህ ፓስፖርት ባለቤት አለው የሚል ጽሑፍ መጣባት። ባለቤቱ አንቺ አይደለሽም እንዴ፣ ምን አዲስ ነገር አለው አልኳት። ሰኞ ዮኒን እጠይቀዋለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

እሑድ ከቀኑ 2 ሰዓት ላይ ደግማ ደወለች። መኪናዋ ከቤቷ ሥር በቆመችበት ማንም ሳይነካት ጥሩምባዋ እየጮኸ፣ መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለ ነበር። ድምፁን እኔም በስልኩ እሰማለሁ። ብሩክታይት መውጣት ፈርታለች። እኔ ግን አዲስ መኪና እንደ አዲስ ሙሽራ ነው፣ ካላዩት ያኮርፋል፣ ውጪና ቁልፉን ተጫኚው አልኳት። በሩን ከፍታ ወጣች። ቁልፉን ስትጫን ጩኸቱ ቆመ። መኪናዋ የቆመችበትን ቦታ የሚያይ ሰው የትኛው ሕንፃ እንደሆነ ያውቃል እንጂ የትኛው በር እንደሆነ አያውቅም። ያን ዕለት እዚያ ግቢ ቆሞ የሚያይ ሰው ከነበረ በሯን ያየው እኔ ውጪ ባልኳት ጊዜ ነው።

ሰኞ ከጠዋቱ 9:40 ላይ ሸትሌን አቁሜ ለዮኒ ደወልኩ። እሱም ኮምፒውተሩን አይቶ ፓስፖርቱ ቅዳሜ ከቀኑ 1:52 ላይ ተከፍቷል አለኝ። በዚያ ሰዓት እኛ ገና ወደ ቤት መንገድ ላይ እንደነበርን አስታወስኩ። ማን ከፈተው ብዬ ስጠይቀው ስም መናገር አይፈቀድልኝም አለ። ቆይቶ ግን “ጋሼ፣ የወንድ ስም ነው” አለኝ። ተሳፋሪዎቼ ሻንጣቸውን ይዘው በሩ ላይ እየጠበቁኝ ነበር። በሩን ሳልከፍትላቸው ምዝገባው አሁኑኑ እንዲሰረዝ ጠየቅሁት። ዮኒ ፋብሪካው ምዝገባውን ለመሰረዝ ሁለት የሥራ ቀን እንደሚፈልግ ነገረኝ።

ወዲያው ለብሩክታይት ደወልኩ። ሪቨርዴል ፓርክ አንዲት አሮጊት ቤት ሥራ ላይ ነበረች። የሆነውን ስነግራት አልጮኸችም። “ጋሼ፣ ለማን አሳዩት?” ብቻ አለችኝ። ለዕድሩ አልኳት። የወረቀቱ ኮድ ፎቶው ላይ በግልጽ ይነበብ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከሥራ አስፈቅጄ 11 ሰዓት ላይ ሪቨርዴል ፓርክ ደረስኩ። ያሰብኩት ይህ ነው። መኪናዋ የምትሄድበትን እሱ ያያል። ስለዚህ መኪናዋን እኔ ነድቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ፖሊስ ጣቢያ አደርሳታለሁ፣ እሷ በኮሮላዬ ሌላ መንገድ ትሄዳለች። ቤትሽ ግቢና ልብስሽንና ሰነዶችሽን ያዢ፣ እሱ እኔን ሲከተል አንቺ ትወጫለሽ አልኳት። ቁልፍ ተቀያየርን። ፊቴን አላየችም።

ከጠዋቱ 11:25 ገደማ በኢስት ዌስት ሃይዌይ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስነዳ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። እየነዳሁ ስልክ ስለማላነሳ ሰው የበዛበት የገበያ ፓርኪንግ ውስጥ ገብቼ ቆምኩና አነሳሁት። ወንድሜነህ ነበር። እንደ ወትሮው በአክብሮት ሰላም አለኝ፣ ጤናዬንም ጠየቀ። ከዚያም ብሩክታይት ስልኩን ስለማታነሳ እንዳናግርለት፣ አሁን ኢስት ዌስት ሃይዌይ ላይ ስትነዳ ቆይታ ገበያ ገብታ እንደቆመች ነገረኝ። ይህን ሁሉ አጠገቤ እንደተቀመጠ ሰው በለሰለሰ ድምፅ ነው የሚናገረው። እኔ ቤቴ ያለሁ ለማስመሰል ሳቅሁ። አዲስ መኪና የገዛች ሴት ገበያ ካልገባች የት ትገባለች አልኩት። “እንግዲያው ላስጠራት” አለኝ።

መኪናዋ ከሥሬ ጮኸች። መብራቷ በፊት ለፊቴ በቆመው መኪና መስታወት ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ሰዎች ዞረው ያዩኝ ጀመር። ማጥፊያውን ስፈልግ ጩኸቱ በእኔ ስልክ አልፎ እሱ ጆሮ ገባ። ጥሩምባው ቆመ። ከዚያ “መኪናው ውስጥ ያሉት እርስዎ ነዎት” አለኝ። ቀጥሎም “እሷ ቤቷ ናት ማለት ነዋ” አለና ዘጋው።

ወዲያው 911 ደወልኩ። እንግሊዝኛዬ ጠፋብኝ። የብሩክታይትን አድራሻ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ተናገርኩ። ስልኩን ሳልዘጋ እንድቆይ ቢነግሩኝም በሥራ ስልኬ ለእሷ ደወልኩ። አታነሳም። ስትነዳ ስልክ እንዳታነሳ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። በየጥሪው መሀል ሽማግሌ ሆኜ ወደ እሱ የመለስኳት ቀን ይታየኝ ነበር። እንደገና በእግሯ እንድትሄድለት የላክኋት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። በዕድሜዬ ብዙ ፈርቻለሁ፣ የበረሃ መንገድም አቋርጫለሁ። እንደዚያ ግን ፈርቼ አላውቅም።

በ12:08 ላይ አነሳችው። ቤትሽ እንዳትገቢ ብዬ ጮህኩባት። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር። “ጋሼ፣ እርስዎ ሂጂ ያሉኝ ቦታ አልሄድኩም” አለችኝ። ኮሮላውን የሜትሮ ጣቢያ ፓርኪንግ ውስጥ አቁማ ቁልፉን ጎማው ላይ እንዳስቀመጠች፣ እሷ ግን ባቡር ውስጥ እንዳለች ነገረችኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

ፖሊስ በ12:19 ላይ ወንድሜነህን ቤቷ ውስጥ አግኝቶ እንደያዘው መርማሪው ነግረውኛል። የበሩ ቁልፍ ተገንጥሎ ነበር። መኝታ ቤቷ ውስጥ አልጋው ላይ ተቀምጦ በሩን እያየ ይጠብቅ እንደነበርም ነግረውኛል። የያዘውን ነገር መርማሪው መዝግበውታል። እኔ ስላላየሁት አልናገርም።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ ወይዘሮ የሺሀረግ ደውለውልኝ ነበር። ልጁ እስር ቤት ገብቶ ዕድሜው እንዳይበላሽ ነገሩን በሽምግልና እንያዘው፣ አንተም ግባበት አሉኝ። አንድ ጊዜ ገብቼበት ነበር ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሴትየዋን አከብራቸዋለሁ። በዚህ ጉዳይ ግን ቃሌን የምሰጠው እዚህ ነው። ፍርድ ቤትም ከተጠራሁ ይህንኑ እደግማለሁ። ፎቶውን የላክሁት እኔ መሆኔም ከቃሌ እንዳይወጣብኝ እጠይቃለሁ።

መርማሪው በመጨረሻ ብሩክታይት አሁን የት እንዳለች ጠይቀውኛል። ደህና መሆኗን ዛሬ ጠዋት በሁለት ቃል ጽፋልኛለች። የት እንዳለች አልነገረችኝም። አልጠየቅኋትም። ብትነግረኝም ለመርማሪው እናገር እንደሆነ እንጂ ለሌላ ሰው አልናገርም ማለት አማረኝ፤ ነገር ግን ቅዳሜም እንዲሁ ብያት ነበር። ስለዚህ መልሴ አላውቅም ነው። እንደማላውቅ ሆኖ እንዲቆይም እፈልጋለሁ።

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ ተነቦልኛል። ያልኩት አልጎደለም፣ ያላልኩት አልገባበትም። እውነት ስለሆነ ፈርሜበታለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ ፍቅረማርያም አሥራት
የተርጓሚዋ ፊርማ፦ ሄለን ነጋ
የመርማሪው ፊርማ፦ ዴኒስ ሆልት
ቃሉ የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ 11:50