የታጠበው ሽጉጥ

(ማለዳ፣ ፍኖተ ሰላም። አንሙት አባቱ በተገደለበት መንገድ የጭነት መኪና አጅቦ ሊሄድ ነው፤ እናቱ እናኑ ከበሩ አልተነሱም።)

አንሙት፦ እማ፣ ሽጉጤን ምን አድርገሽው ነው?

እናኑ፦ መጀመሪያ ቁርስህን ብላ።

አንሙት፦ የጠየቅኩሽ ሌላ ነው። የላዩ ክፍል ወደ ኋላ አልሳብ ብሏል። እይው፣ ዝጓል።

እናኑ፦ ፕላስቲክ ይዝጋል እንዴ?

አንሙት፦ ፕላስቲኩ እጀታው ነው። አፈሙዙ፣ ሞላው፣ ሆድ ዕቃው ሁሉ ብረት ነው። ውሃ አስነክተሽዋል?

እናኑ፦ ዘይት ዘይት ሸተተኝ። እንደ ጀሪካኑ በጨው ውሃ አጥቤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩት፤ ሙቀት እንዳያጣምመው ብዬ።

አንሙት፦ ጥይቱን እኔ ባልይዘው አብረሽ ታሰጪው ነበር።

እናኑ፦ ሳቅብኝ። የአባትህን ብረት ስንት ዘመን በዘይት ወልውያለሁ። ፕላስቲክ ዕቃ ግን ይታጠባል፤ ሌላ አላውቅም።

አንሙት፦ ሹፌሩ ጡሩንባ እየነፋ ነው። ባዶ እጄን ልውጣ?

እናኑ፦ አትውጣ።

አንሙት፦ የአባዬን እንዳልይዝ፣ እሱን የጨረሰው ያ ብረት ነው። ከሸፈበት። የጭነቱን ባለቤት ነጋዴውን ለምኜ አዲሱን ያመጣሁት ለዚህ እኮ ነው። ቀላል ነው፣ አይከዳም አሉኝ።

እናኑ፦ ከሸፈበት ያለህ ማን ነው?

አንሙት፦ ለቅሶ የመጣው ሁሉ።

እናኑ፦ ለቅሶ የመጣ ሰው ምን ይበል? የአባትህን ሽጉጥ ሲያመጡልኝ የጥይት ካዝናውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ባዶ ነበር።

አንሙት፦ ሰው አውጥቶበት ይሆናል።

እናኑ፦ አፈሙዙን ስጠርገው ጨርቁ በባሩድ ጠቆረ። ሁሉንም ተኩሷል፣ ልጄ። ብረቱ አልከዳውም። የገደሉት ብዙ ነበሩ።

አንሙት፦ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?

እናኑ፦ በሽጉጡ ስታሳብብ ቀለል ይልህ ነበር። እኔም ያንተን ሳይ፣ ምናልባት ይሄኛው ይሻል ይሆናል አልኩ። ለዚህ ነው እንደ ሕፃን ያጠብኩት።

አንሙት፦ ሹፌሩ ደግሞ ነፋ።

እናኑ፦ ሰማሁ። የአባትህ ሽጉጥ ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ተወልውሏል። ቁልፉ ይኸው። ከበሩም እነሳለሁ።

አንሙት፦ ቁልፉን ያዢው።

እናኑ፦ ድምፁ ራቀ፣ ወይስ ጆሮዬ ነው?

አንሙት፦ መኪናው ሄደ፣ እማ። እኔ አለሁ።